መስጂዶቻችንን የሳለው የቪየናው አርክቴክት

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ መስከረም 1683 ድረስ የዑስማኒያ (ኦቶማን) ጦር በቀራ ሙስጠፋ ፓሻ መሪነት የኦስትሪያን ርዕሰ ከተማ ቪየናን ከቦ ነበር። ከበባው ሁለት ወር ያህል ቆየ። በመጨረሻም የፖላንዱ ንጉሥና የጀርመን መሳፍንት ጦር ደርሶ ከተማዋን አስለቀቃት። ይህን ታሪክ የማያውቅ ጥቂት ነው። በትምህርት ቤትም በመጽሐፍም ተደጋግሞ ይነገራል።

ከዚያ ከበባ 38 ዓመት በኋላ፣ በ1721፣ በዚያችው በቪየና ስለታተመ አንድ መጽሐፍ ግን የሚናገር እምብዛም አይገኝም። መጽሐፉ የሕንፃ መጽሐፍ ነው። ገጾቹን የሚገልጥ ሰው የኢስታንቡሉን የሱልጣን አሕመድ መስጂድ ከነሚናራዎቹ ያገኛል። ጥቂት አለፍ ሲልም የመካን ሐረም፣ ካዕባን በመካከሉ አድርጎ፣ ቀጥሎም መዲናን ተስለው ያያል። መጽሐፉን ያዘጋጀው ሙስሊም አይደለም። ከሱልጣኑ ጋር በውል የሚነግድ ነጋዴም አይደለም። ሰውየው ከዑስማኒያ ጋር ለብዙ ዓመታት ሲዋጋ የኖረው የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ዋና አርክቴክት፣ ዮሐን በርንሃርድ ፊሸር ፎን ኤርላህ ነበር።

የጠላት አርክቴክት መስጂዳችንን ለምን ሳለ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ስለ አውሮፓ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ታሪክን እንዴት ማንበብና ለልጆቻችን እንዴት መንገር እንዳለብን የሚያስተምረን ነገር አለው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከከበባው በኋላ የተሠራች ከተማ

ቪየና ከከበባው ስትወጣ ከግንቧ ውጭ ያሉት መንደሮች ፈርሰውና ተቃጥለው ነበር። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ግን ከተማዋ በግንባታ ተያዘች። መሳፍንቱ ከቅጥሩ ውስጥም ከቅጥሩ ውጭም ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የነገሠው የአሠራር ስልት ባሮክ ይባላል። የባሮክ ሕንፃ ቀጥ ባለ ግድግዳ አይረካም። ግድግዳው ይታጠፋል፤ አንዱ ክፍል ወደ ፊት ሲወጣ ሌላው ወደ ኋላ ይገባል። ጉልላቱ ከፍ ይላል፤ ጣሪያው በሥዕል፣ ዓምዱ በወርቅ ቅብ ያሸበርቃል። ዓላማው ተመልካቹ ገና ከበሩ ሲገባ የንጉሡን ኃይል ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ክብር እንዲሰማው ማድረግ ነው።

ፊሸር በ1656 ግራትስ በምትባለው የኦስትሪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀራጭ ነበር። በወጣትነቱ ወደ ሮም ሄዶ ዓመታትን አሳለፈ። በዚያም የጥንት ሮማውያንን ፍርስራሽና የዘመኑን ታላላቅ ሕንፃዎች አጠና። ወደ አገሩ ሲመለስ የአልጋ ወራሹ የዮሴፍ የሕንፃ ጥበብ መምህር ሆነ። ተማሪው በ1705 ሲነግሥም መምህሩን የንጉሠ ነገሥቱ ሕንፃዎች የበላይ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ዛሬ በቪየና ብዙ ጎብኚ የሚያየው የሾንብሩን ቤተ መንግሥት የመጀመሪያ ንድፍ የእርሱ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ታላቅ ቤተ መጻሕፍትም ነድፏል፤ ልጁ ዮሴፍ ኢማኑኤል ሥራውን ከአባቱ ተቀብሎ ፈጽሞታል።

ሕዝቦችን ጎን ለጎን ያቆመው መጽሐፍ

ፊሸር መጽሐፉን ማዘጋጀት የጀመረው ከመታተሙ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በ1712 ረቂቁን ለንጉሠ ነገሥት ካርል ስድስተኛ አቀረበ። መጽሐፉ በ1721 ሲወጣ ማብራሪያው በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ፣ ሥዕሎቹም በመዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙ ትልልቅ ሥዕሎች ነበሩ። በ1730 በለንደን በእንግሊዝኛም ታትሟል።

አምስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ስም በሚታወቀው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ይጀምርና የግብፅን፣ የባቢሎንን፣ የግሪክን ጥንታዊ ሕንፃዎች ያሳያል። ሁለተኛው ብዙም ያልታወቁ የሮማውያንን ሥራዎች ይዟል። ሦስተኛው ክፍል የዓረቦችን፣ የቱርኮችን፣ የፋርሶችን፣ የሲያምን፣ የቻይናንና የጃፓንን ሕንፃዎች ያቀርባል። አራተኛው የፊሸር የራሱ ሥራዎች ናቸው። አምስተኛው ደግሞ የጌጥ ማሰሮዎች ሥዕል ነው።

ለእኛ ዋናው ሦስተኛው ክፍል ነው። በእርሱ ውስጥ በሃንጋሪ ቡዳ አጠገብ ያለ የቱርኮች መታጠቢያ ቤት አለ። የሱልጣን አሕመድ መስጂድ አለ። አያ ሶፊያ አለ። መካና መዲና አሉ። የፋርሷ ኢስፋሃን አለች። ከእነርሱ ቀጥሎም የቻይና ቤተ መንግሥትና በናንጂንግ የነበረው በሸክላ የተለበጠ ግንብ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት በአውሮፓ ስለ ሕንፃ የተጻፉ መጻሕፍት ከግሪክና ከሮም ሌላ እምብዛም አያውቁም ነበር። ለብዙዎቹ ጸሐፊዎች ሕንፃ ማለት የሮም ሕንፃ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ የታሪክ ባለሙያዎች የፊሸርን ሥራ የዓለምን ሕንፃ በንጽጽር ያቀረበ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይሉታል።

ፊሸር በመግቢያው ላይ አንድ ልብ የሚባል ሐሳብ አስፍሯል። ሕዝቦች በምግባቸውና በልብሳቸው እንደሚለያዩ ሁሉ በሕንፃ ምርጫቸውም ይለያያሉ፤ አንባቢው ሁሉን አይቶና አነጻጽሮ የተሻለውን መምረጥ ይችላል ይላል። የዛሬ ሰው ይህን ሲያነብ ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የእኔ መንገድ ብቻ ሕንፃ ነው፣ የቀረው አረመኔነት ነው በሚባልበት ዘመን እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሰውየውን ከሆነው በላይ አናድርገው። ፊሸር መስጂዶችን የሳለው ለእስልምና ፍቅር ስላደረበት አይደለም። የመጽሐፉ አካሄድ ከሱለይማን ቤተ መቅደስ ተነስቶ በራሱ ሥራዎች፣ ማለትም በጌታው በንጉሠ ነገሥቱ ሕንፃዎች የሚያበቃ ነው። ንጉሡን የጥንት ታላላቆች ወራሽ አድርጎ ማሳየት ይፈልግ ነበር። ደግሞም መካን አላየም። ሊያያትም አይችልም ነበር። የተጠቀመው ተጓዦች ባመጡት ሥዕልና ወሬ ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹ በብዙ ቦታ ከእውነቱ ይርቃሉ። ቢሆንም ስህተቱ ሁሉ ተቆጥሮ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል፦ መስጂድን ከሮም ቤተ መቅደስ ጋር በአንድ ጥራዝ፣ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ፣ ያለ ስድብ አቅርቧል።

ሚናራ የሚመስሉ ዓምዶች

በ1713 ቪየናን ቸነፈር መታት። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሠ ነገሥት ካርል ስድስተኛ በሽታው ቢቆምለት በቸነፈር ጊዜ ሕሙማንን በመርዳት በሚታወቀው በቦሮሜዎ ስም ቤተ ክርስቲያን ሊያሠራ ተሳለ። ለንድፉ ውድድር ተደርጎ ፊሸር አሸነፈ። የመሠረቱ ድንጋይ በ1716 ተቀመጠ። ካርልስኪርሄ የሚባለው ይህ ሕንፃ የተጠናቀቀው ፊሸር ከሞተ በኋላ፣ በ1737፣ በልጁ እጅ ነው።

የሕንፃው ፊት እንግዳ ነው። በመካከል እንደ ግሪክ ቤተ መቅደስ ያለ በረንዳ አለ። በላዩ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ትልቅ ጉልላት ተቀምጧል። ከበረንዳው ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ግዙፍ ክብ ዓምዶች ለብቻቸው ቆመዋል። ከሩቅ ያየው ሙስሊም መንገደኛ ጉልላትና ሁለት ሚናራ ያለው መስጂድ ቢመስለው አይፈረድበትም። የአውሮፓ ጸሐፊዎችም ሚናራን ያስታውሱናል ያሉ አሉ።

ነገር ግን እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ዓምዶቹ ከታች እስከ ላይ እየዞሩ በሚወጡ የምስል ቅርጾች ተሸፍነዋል። ቅርጾቹ የቦሮሜዎን ሕይወት ይተርካሉ። አምሳላቸው በ113 በሮም የቆመው የንጉሥ ትራጃን የድል ዓምድ ነው። ሁለት መሆናቸው በሱለይማን ቤተ መቅደስ ደጃፍ ቆመው ነበር የሚባሉትን ሁለት ዓምዶች ያስታውሳል። እንዲሁም የንጉሡ ምልክት ከነበሩት፣ የስፔንን ባሕር በር ከሚያመለክቱት ሁለት ዓምዶች ጋር ይያያዛል። በመጽሐፍ መልክ የተዘጋጀ ረቂቅ በእጁ የነበረና ጉልላትን በሚናራዎች መካከል በገዛ እጁ የሳለ ሰው፣ ጉልላትን በሁለት ዓምዶች መካከል ሲያቆም ያየው ነገር ከዓይኑ አልጠፋ ይሆናል። ይህ ግን ግምት ነው። የተረጋገጠው ከሮም የተቀዳው ነው። እውነተኛ የታሪክ ሰው ግምትን በግምትነቱ፣ ማስረጃን በማስረጃነቱ ያስቀምጣል።

የለንደኑ ሽማግሌ ምን አለ?

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ክሪስቶፈር ሬን የሚባል ታላቅ አርክቴክት ነበር። በ1666 ለንደን በእሳት ስትጋይ ታላቁ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አብሮ ተቃጠለ። አዲሱን የሠራው ሬን ነው። ሥራው በ1675 ተጀምሮ ከ35 ዓመት በኋላ ተጠናቀቀ። ከውጭ የሚታየው ጉልላትና ከውስጥ የሚታየው አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል የላይኛውን ክብደት የሚሸከም ከጡብ የተሠራ ሾጣጣ ግንብ ተሰውሯል። የሕንፃው ከፍታ 111 ሜትር ያህል ነው።

ይህ ሰው በጽሑፎቹ ውስጥ አስገራሚ ነገር ተናግሯል። አውሮፓውያን ጎቲክ የሚሉት፣ ሹል ቅስት ያለው የመካከለኛው ዘመን የካቴድራል አሠራር ስሙ ሊለወጥ ይገባል ብሏል። በእርሱ አስተያየት አሠራሩ የሙስሊሞች፣ እርሱ እንደሚላቸው የሳራሴኖች ነው። ወደ አውሮፓ ያመጡትም ከመስቀል ጦርነት የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ሐሳቡ ከሞተ በኋላ፣ በ1750፣ ቤተሰቡ ባሳተመው መጽሐፍ ለሕዝብ ወጣ።

ሬን ልክ ነበር? በከፊል። ካይሮ የሚገኘው የኢብን ጡሉን መስጂድ በ879 ሲጠናቀቅ ሹል ቅስቶቹ በረድፍ ቆመው ነበር። በፓሪስ አጠገብ የጎቲክ አሠራር የጀመረው ግን በ1140ዎቹ ነው። ሹል ቅስት በሙስሊሞች አገር በመቶ ዓመታት ቀድሞ በስፋት መሠራቱ ጥርጥር የለውም። ሆኖም የጎቲክ ካቴድራል ማለት ሹል ቅስት ብቻ አይደለም። ጣሪያውን በድንጋይ ጅማቶች ማያያዝ፣ ግድግዳውን ከውጭ በድጋፍ ቅስት መደገፍ፣ መስኮቱን በቀለም መስታወት መሙላት የራሳቸው የአውሮፓ ግንበኞች ድካም ውጤት ናቸው። ሁሉን ከእኛ ወሰዱ ማለት ያንን ድካም መካድ ነው። ምንም አልወሰዱም ማለት ደግሞ የኢብን ጡሉንን ቅስቶች መካድ ነው።

ሬንና ፊሸር በአንድ ዓመት፣ በ1723 ሞቱ። ሁለቱም በክርስቲያን ነገሥታት አገልግሎት የኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ናቸው። ሁለቱም የሙስሊሞችን እጅ ሥራ አይተው፣ ወይም ስለ እርሱ ሰምተው፣ ቦታ ሰጥተውታል።

ከኢስታንቡል ወደ ፓሪስ

መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ አልነበረም። የፊሸር መጽሐፍ በታተመበት በ1721 ይርሚሰኪዝ መሕመድ ቸለቢ የሚባል የዑስማኒያ መልእክተኛ ከፓሪስ ወደ ኢስታንቡል ተመለሰ። ሱልጣን አሕመድ ሦስተኛ የላከው ነበር። የቬርሳይን ቤተ መንግሥትና አትክልት፣ የፓሪስን ሕንፃዎች አይቶ ያየውን በጽሑፍ አስፍሯል። በማግስቱ ዓመት በኢስታንቡል አጠገብ ሰዓዳባድ የተባለው የሱልጣኑ የመዝናኛ ቤተ መንግሥት ተሠራ። ብዙዎች የቬርሳይ ቅጂ ነው ይሉት ነበር። የኋላ አጥኚዎች ግን የኢስፋሃን አትክልቶችም እንዳሉበት አሳይተዋል።

በ1728 በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት በር ላይ ሱልጣኑ ያሠሩት የውኃ ማደያ ዛሬም ቆሟል። ከዚያም በ1755 የተጠናቀቀው የኑሩዑስማኒያ መስጂድ መጣ። የዚህ መስጂድ ግቢ እንደ ቀድሞዎቹ አራት ማዕዘን ሳይሆን እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ነው። ጌጡም የባሮክን መታጠፍ ይከተላል። ዋና ግንበኛው ሲሞን ኻልፋ የሚባል ክርስቲያን ነበር። ቂብላው አልተለወጠም፤ የቁርኣኑ ጽሕፈት በቦታው አለ፤ ሶላቱም ያው ሶላት ነው። በግድግዳው ላይ ግን የአውሮፓ ሕንፃ ቋንቋ ይነበባል። የሱልጣን አሕመድ መስጂድ በሥዕል ወደ ቪየና ሄደ። የቪየናና የፓሪስ መታጠፍ ደግሞ በድንጋይ ወደ ኢስታንቡል መጣ።

ሰይፍ ያደረገውና ቀለም ያደረገው

ይህ ሁሉ ሲሆን ጦርነቱ አልቆመም ነበር። ቡዳ በ1686 ከዑስማኒያ እጅ ወጣች። ቤልግሬድ በ1717፣ የካርልስኪርሄ መሠረት በተጣለ በዓመቱ፣ በኦስትሪያ ጦር ተያዘች። በነዚያ አገሮች የነበሩት መስጂዶች አብዛኞቹ ፈረሱ፣ የቀሩትም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ። በሃንጋሪ በፔች ከተማ ያለው የቃሲም ፓሻ መስጂድ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም ነው። ሚህራቡ ግን አሁንም ይታያል። በቤልግሬድ የባይራክሊ መስጂድ ከ1717 እስከ 1739 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቆየ። ከተማዋ ለዑስማኒያ ስትመለስ እርሱም ወደ መስጂድነቱ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም አዛን ይሰማበታል። የቡዳ መታጠቢያ ቤቶች ከጉልላቶቻቸው ጋር ተርፈው ዛሬም ሰው ይታጠብባቸዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን እናስታውስ። ፊሸር የሳለው አያ ሶፊያ ከ537 ጀምሮ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1453 መስጂድ ሆነ፤ በሃያኛው መቶ ዓመት ሙዚየም ተደረገ፤ በ2020 እንደገና ለሶላት ተከፈተ። በድል ጊዜ የሌላውን ማምለኪያ መያዝ የአንድ ወገን ብቻ ታሪክ አይደለም።

ታዲያ ልብ በሉ። በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት፣ ወታደሩ ሚናራ ሲያፈርስ አርክቴክቱ ሚናራ ይስል ነበር። ሁለቱም የአንድ ንጉሥ ደመወዝተኞች ናቸው። ስለዚያ ዘመን አውሮፓ ስንናገር አንዱን ብቻ ብንጠቅስ ግማሽ እውነት ተናግረን ግማሹን ደብቀናል ማለት ነው።

ከዚህ ምን እንያዝ?

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ አውሮፓ ይማራሉ። ወደ ቤት ሲመጡ ከሁለት ዓይነት ንግግር አንዱን እንዲሰሙ አንፈልግም። አንደኛው ሥልጣኔ ሁሉ የእነርሱ ነው፣ እኛ ባዶ ነን የሚለው ነው። ይህ ልጁን አንገቱን ያስደፋዋል። ሁለተኛው ያላቸው ሁሉ ከእኛ የተሰረቀ ነው የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ልጁን ያሰንፈዋል። ሁሉ የእርሱ ከሆነ ምን ይማራል?

ቁርኣን ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ያዘናል። ይህ ትእዛዝ የሚሠራው በፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። በታሪክም ይሠራል። ቪየና ከበባውን ሳትረሳ አርክቴክቷ መስጂድን ከዓለም ታላላቅ ሕንፃዎች ተርታ ማስቀመጥ ከቻለ፣ ለፍትሕ የታዘዝነው እኛ የሌላውን ጥሩ ሥራ ጥሩ ነው ለማለት ሊከብደን አይገባም።

ሌላም አለ። ከ1721 በኋላ ብዙ አውሮፓዊ አንባቢ መካን ያወቀው መካን ባላየ ሰው ሥዕል ነው። ፊሸር ሌላ የተሻለ ሥዕል ቢኖረው በእርሱ በተጠቀመ ነበር። አንድ ሕዝብ የራሱን ሕንፃ ራሱ ካልለካ፣ ካልሳለና ካልጻፈ፣ ሌላው እንደመሰለው ይስልለታል። ከዚያ በኋላ ተሳሳተ ብሎ መውቀስ ብዙም አይጠቅምም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጁምዓ ልጃችሁን ይዛችሁ ከመስጂድ ስትወጡ አንድ ጊዜ ቆም በሉና ሕንፃውን አሳዩት። መቼ ተሠራ? ማን ሠራው? ድንጋዩ ከየት መጣ? የምታውቁትን ንገሩት። የማታውቁትን በዕድሜ የገፉትን አባቶች አብራችሁ ጠይቁ። ልጁም በደብተሩ ይጻፈው።

ወላሁ አዕለም።